ለበርበሬና ለሀበሻ ልብስ የትኛው የጉምሩክ ቦንድ ይሻላል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከኢትዮጵያ የሀበሻ ልብስ፣ በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማ በመርከብ ላስመጣ እየተዘጋጀሁ ነው። የመጀመሪያው ጭነት ዋጋ 18,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። 11,000ው የምግቡ፣ 7,000ው የልብሱ ነው። ከተሳካልኝ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ለማምጣት አስቤያለሁ። ብሮከሩ፣ ማለትም የጉምሩክ ጉዳዬን የሚያስፈጽመው ሰው፣ ‹ሲንግል ቦንድ ነው ኮንቲኒዩስ ቦንድ የምትፈልጊው?› አለኝ። አንድ ወዳጄ ደግሞ ‹ለመጀመሪያ ጊዜ ርካሹን፣ የአንድ ጊዜውን ግዢ፤ ዕቃው ቢበላሽም ቦንዱ ይከፍልሻል› ብሎኛል። እውነት ነው? የብሮከሩን ቦንድ መጠቀምስ አልችልም?»

መልስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ አጭሩን ልንገርዎት። ለእርስዎ የሚሻለው ኮንቲኒዩስ ቦንዱ፣ ማለትም ዓመቱን ሙሉ ለሁሉም ጭነት የሚያገለግለው ነው። ብዙ ሰው ይህን ምርጫ በጭነት ብዛት ብቻ ይወስነዋል። በእርስዎ ጉዳይ ግን ነገሩን የሚወስነው በርበሬው ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስመጡ ቢሆን እንኳ መልሴ አይለወጥም ነበር። ለምን እንደሆነ ሂሳቡን ቁጭ አድርገን እናየዋለን። ወዳጅዎ ያሉት ሁለተኛው ነገር፣ «ዕቃው ቢበላሽ ቦንዱ ይከፍልሻል» የሚለው፣ ፈጽሞ ልክ አይደለም። ከእሱ ልጀምር።

ቦንድ ሦስት ወገን ያለበት ውል ነው። አንዷ እርስዎ፣ አስመጪዋ። ሁለተኛው ሹሪቲ የሚባለው ዋስ ኩባንያ። ሦስተኛው የአሜሪካ ጉምሩክና ድንበር ጥበቃ፣ ማለትም ሲቢፒ። ኩባንያው ለሲቢፒ ዋስ የሚሆነው «ቀረጡን ካልከፈለች፣ ወይም የገባችውን ግዴታ ካላከበረች እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ነው። ከከፈለ በኋላ ግን ዞሮ ወደ እርስዎ ይመጣል። ቦንዱን ሲገዙ የሚፈርሙት ወረቀት ውስጥ «ዋሱ የከፈለውን ሁሉ እተካለሁ» የሚል አንቀጽ አለ። ስለዚህ የሚጠበቀው የመንግሥት ገንዘብ እንጂ የእርስዎ ዕቃ አይደለም። ኮንቴይነሩ ባሕር ውስጥ ቢወድቅ፣ በርበሬው እርጥበት ገብቶት ቢሻግት፣ ዕቃው ወደብ ላይ ቆይቶ የመጋዘን ኪራይ ቢቆጥር፣ ቦንዱ አንድ ሳንቲም አያወጣም። ለዚያ የጭነት ኢንሹራንስ ለብቻው ይገዛል። ይግዙም።

የሚከፍሉት ፕሪሚየም የዋሱ ዋጋ ነው፤ ተመላሽ አይሆንም። ቦንዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እሱ ዋሱ ቢበዛ የሚጠየቀው ጣሪያ ነው። «የ50,000 ዶላር ቦንድ» ሲባል ሰምተው 50,000 ዶላር ከየት አመጣለሁ ብለው የደነገጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ያን ያህል የሚከፍል የለም። ዝቅተኛው ኮንቲኒዩስ ቦንድ ችግር ለሌለበት አስመጪ ብዙ ጊዜ በዓመት ጥቂት መቶ ዶላር ነው የሚያስወጣው።

ቦንድ የሚያስፈልገው መቼ ነው? ለንግድ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ከ2,500 ዶላር ሲበልጥ መደበኛ ዲክላራሲዮን ይቀርብበታል፤ ያ ያለ ቦንድ አይሆንም። ከዚያ በታች ሆኖም የሌላ መሥሪያ ቤት ቁጥጥር ያለበት ዕቃ ቦንድ ሊጠየቅበት ይችላል። «እንግዲያው ጭነቱን በትንንሹ ከፋፍዬ ልላከው» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎት ይተዉት። ሲቢፒ የአንድ ሰው የተከፋፈለ ጭነት መሆኑን ካየ ደምሮ ሊቆጥረው ይችላል። ከ800 ዶላር በታች ያለው ዕቃ ያለ ቀረጥ የሚገባበት መንገድም ከኦገስት 29፣ 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገር ታግዷል።

አሁን ወደ ሁለቱ ዓይነቶች እንሂድ።

ሲንግል የሚባለው ለአንድ ጭነት፣ ለአንድ ዲክላራሲዮን ብቻ ያገለግላል። ዕቃው ሲገባ ሥራውን ጨረሰ። ቀጣዩ ጭነት ሲመጣ ሌላ ይገዛሉ። ኮንቲኒዩስ ግን አንዴ ከተከፈተ በሁሉም የአሜሪካ ወደቦችና አየር ማረፊያዎች ይሠራል። በየዓመቱ ፕሪሚየሙ እየተከፈለ፣ አንደኛው ወገን ይብቃ እስኪል ይቀጥላል። በዓመት አንድ ጊዜም ያስገቡ ሃያ ጊዜ፣ ቦንዱ ያው ነው።

ልዩነቱ የሚወጣው የቦንዱ መጠን ሲሰላ ነው።

ለተራ ዕቃ የሲንግል ቦንድ መጠን የሚሆነው የዕቃው ዋጋ ሲደመር ቀረጡና ክፍያው ነው። የእርስዎ ልብስ ብቻውን በአውሮፕላን ቢመጣ፣ 7,000 ዶላር ዋጋ ላይ ቀረጡ ተጨምሮ፣ ወደ 8,000 ዶላር ገደማ የሚሆን ቦንድ ይበቃዋል። ትንሽ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ሲንግሉ ያዋጣል፤ ኮንቲኒዩስ ግዙ የሚልዎት ሰው ለኮሚሽኑ ነው።

ምግብ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ምግብ የኤፍዲኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ቁጥጥር አለበት። የሌላ መሥሪያ ቤት ቁጥጥር ያለበትና ሕዝብ ጤና ላይ ጉዳት ሊያመጣ የሚችል ዕቃ ሲሆን፣ የሲንግል ቦንዱ መጠን የዕቃው ዋጋ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሁለቱን ዕቃ በአንድ ዲክላራሲዮን ካስገቡ፣ 18,000 ሲባዛ በሦስት 54,000 ዶላር ነው። ልብሱን ለብቻ፣ ምግቡን ለብቻ ብለው በሁለት ዲክላራሲዮን ቢያቀርቡትም የምግቡ ብቻ 33,000 ይደርሳል፤ በዚያ ላይ ሁለት ቦንድና ሁለት የብሮከር ክፍያ አለ።

አሁን ኮንቲኒዩሱን ይዩ። መጠኑ የሚሰላው ከዕቃው ዋጋ አይደለም። በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ከሚከፈለው ቀረጥ፣ ታክስና ክፍያ 10 በመቶው ይወሰዳል፤ ዝቅተኛው ግን 50,000 ዶላር ነው። አዲስ አስመጪ ያለፈ ታሪክ ስለሌለው የሚቀጥለውን ዓመት ግምት ይሰጣል። ለሂሳቡ እንዲቀለን ቀረጥዎ በአማካይ 10 በመቶ ነው እንበል። በ18,000 ዶላር ጭነት ላይ 1,800 ዶላር ነው። የዕቃ ማስተናገጃው ክፍያ፣ ኤምፒኤፍ የሚሉት፣ 0.3464 በመቶ ነው፤ 62 ዶላር ከ35 ሳንቲም ይመጣል። በመርከብ ስለሚመጣ የወደብ ጥገና ክፍያ 0.125 በመቶ አለ፤ 22 ዶላር ከ50። ድምሩ 1,885 ዶላር ገደማ። በዓመት አራት ጊዜ ቢሆን 7,540 ዶላር። የዚህ አሥር በመቶ 754 ዶላር ብቻ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛው፣ የ50,000 ዶላሩ ቦንድ፣ ከበቂ በላይ ነው።

እንግዲህ ያስተያዩት። በአንድ በኩል ለአንድ ጭነት ብቻ የሚያገለግል የ54,000 ዶላር ቦንድ። በሌላ በኩል ዓመቱን ሙሉ ለሁሉም ጭነት የሚያገለግል የ50,000 ዶላር ቦንድ። ፕሪሚየም የሚቆረጠው ደግሞ የቦንዱን መጠን እያየ ነው። «ርካሹ» የተባለው የትኛው እንደሆነ ከዚህ በኋላ እኔ መናገር አያስፈልገኝም። ለማንኛውም ብሮከርዎን የሁለቱንም ዋጋ በጽሑፍ ይጠይቁት።

በመርከብ መምጣቱም ሌላ ምክንያት ነው። የባሕር ጭነት አይኤስኤፍ የሚባል ቅድመ መረጃ ይጠየቅበታል። ሻጩ ማን ነው፣ ገዢው ማን ነው፣ ዕቃው የት ተሠራ፣ ኮንቴይነሩ የት ታሸገ የሚሉ ነገሮች ናቸው። አብዛኛው መረጃ ዕቃው ወደ አሜሪካ በሚመጣው መርከብ ላይ ከመጫኑ 24 ሰዓት በፊት መግባት አለበት። ዘግይቶ ወይም ተሳስቶ ከገባ ቅጣቱ ለአንድ ጥፋት 5,000 ዶላር ነው። ይህም የራሱ ቦንድ ይፈልጋል። ኮንቲኒዩስ ቦንድ ያለው አስመጪ ለዚህ ሌላ ነገር አይገዛም፤ አብሮ ይሸፈናል። በሲንግል የሚሄድ ሰው ግን የአይኤስኤፍ ቦንድ ለብቻው ተጨምሮ ይመጣበታል። ዋጋ ስታወዳድሩ ይቺ መስመር ብዙ ጊዜ ትረሳለች።

ከአዲስ አበባ የሚልክልዎት ሰው ይህን የ24 ሰዓት ነገር ላያውቅ ይችላል። ዕቃው ጅቡቲ ደርሶ ከተጫነ በኋላ «ሰነዱን ልኬልሻለሁ» ይልዎታል። ያኔ ጊዜው አልፏል። ኢንቮይሱና ፓኪንግ ሊስቱ ዕቃው ከአዲስ አበባ ሳይነሳ በእጅዎ ይግባ።

ቦንዱ ላይ የክፍያ ጥያቄ የሚመጣው በአብዛኛው ዕቃው ከወደብ ከወጣ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አዳዲስ አስመጪዎች የሚወድቁት እዚህ ጋ ነውና።

ሲቢፒ ዕቃውን ለቀቀ ማለት ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። ምግብ ከሆነ ኤፍዲኤ ገና አላየው ሊሆን ይችላል። ዕቃው በቅድመ ሁኔታ ተለቆ መጋዘንዎ ይደርሳል፤ ኤፍዲኤ ደግሞ «ናሙና ልውሰድ፣ እስክመልስ አትንኪው» ይላል። በዚህ ጊዜ በርበሬው እርስዎ ቤት ነው ያለው፣ ደንበኛም እየደወለ ነው። በተለይ ለበዓል ሰሞን ከሆነ ፈተናው ከባድ ነው። «ሁለት ካርቶን ብሸጥ ማን ያያል?» ማለት ይመጣል። አይሽጡ። ቅመማ ቅመም ላይ ኤፍዲኤ በዋናነት የሚፈልገው ሳልሞኔላ የሚባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ነው። ከተገኘና ዕቃው ውድቅ ከተደረገ በ90 ቀን ውስጥ መልሶ መላክ ወይም ማስወገድ ግድ ነው። ሲቢፒም «ዕቃውን መልሺ» የሚል ማስታወቂያ ይልካል። የሸጡትን ከየት ያመጡታል? መመለስ ያልተቻለ ዕቃ በውሉ የተቀመጠ ቅጣት አለው። ክልከላ ያለበት ዕቃ ሲሆን ቅጣቱ የዋጋውን ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ያ ሦስት እጥፍ የሚለው የሲንግል ቦንድ ስሌት የመጣውም ከዚሁ ነው። የ11,000 ዶላር ምግብ የ33,000 ዶላር ጥያቄ ይዞ ይመጣል ማለት ነው። ሹሪቲው ይከፍላል፣ ከዚያ እርስዎን ይጠይቃል።

እንዲህ ዓይነት የቅጣት ደብዳቤ ከመጣ ዝም አይባልም። ቅጣቱ እንዲቀነስ ወይም እንዲነሳ አቤቱታ ለማቅረብ በመደበኛው 60 ቀን አለ። ምክንያት ያለው፣ ሰነድ የተያያዘበት አቤቱታ ብዙ ጊዜ ቅጣቱን ያቀልላል። ዝምታ ግን ጉዳዩን በቀጥታ ወደ ሹሪቲው ይወስደዋል፤ ሹሪቲው አንዴ ከከፈለ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ቦንድ የሚሰጥዎት ማግኘት ራሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ልብሱም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ የእሱ ግን ቀለል ይላል። የአገር ምልክት ይፈልጋል። ቀሚሱ ላይ የኢትዮጵያ ሥራ መሆኑን የሚገልጽ፣ ከምን ክር እንደተሠራ የሚያሳይ መለያ በእንግሊዝኛ ተሰፍቶ መምጣት አለበት። ሽመናው ቢያምርም፣ መለያ ከሌለው ሲቢፒ ምልክት እንዲደረግበት ወይም እንዲመለስ ያዝዛል፤ ፎርም 4647 ይባላል። መለያውን አዲስ አበባ ማሰፋት በጣም ርካሽ ነው፤ እዚህ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብሎ መቶ ቀሚስ ላይ መስፋት ግን አይደለም።

ከምግቡ ጋር የሚመጡ ሌሎች ሁለት ግዴታዎች አሉ። አንደኛው ዕቃው ከመድረሱ በፊት ለኤፍዲኤ የሚሰጥ ቅድመ ማስታወቂያ ነው፤ በመርከብ ሲሆን ቢያንስ ከመድረሱ 8 ሰዓት በፊት። ሁለተኛው የውጭ አቅራቢን የማረጋገጥ ግዴታ፣ ኤፍኤስቪፒ የሚሉት። በርበሬውን የሚያዘጋጁት ሰዎች በንጽሕና እንደሚሠሩ የማረጋገጥ ኃላፊነት የአስመጪዋ ነው። ለአነስተኛ አስመጪ ቀለል ያለ መንገድ አለው፤ ቢሆንም ወረቀት ይፈልጋል። ብሮከሩ ይህን አይሠራልዎትም፤ እሱ የሚያስገባው የእርስዎን ስምና መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ቦንዱ ከተገዛ በኋላ ሳይሆን አሁኑኑ ይጀምሩት።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። እናቶች ሲያሽጉ ደግነት ይበዛል። በርበሬው መሃል ቋንጣ፣ «ለልጆቹ» ተብሎ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ቋንጣ አይገባም። አንድ ላስቲክ ቋንጣ ሙሉ ኮንቴይነር ያስቆማል፤ ዲክላራሲዮኑ ላይ ያልተጻፈ ዕቃ ስለሆነ ደግሞ ጥርጣሬውን ሁሉ ወደ እርስዎ ያዞረዋል። ለሚያሽጉልዎት ሰዎች አስቀድመው በግልጽ ይንገሯቸው።

የብሮከሩን ቦንድ ስለመጠቀም ጠይቀዋል። ይቻላል። ፈቃድ ያለው ብሮከር ራሱ አስመጪ ተብሎ ተመዝግቦ በራሱ ቦንድ ሊያስገባልዎት ይችላል። ብዙዎቹ ግን አይወዱትም። ምክንያቱም የእርስዎ በርበሬ ላይ ችግር ቢመጣ ተጠያቂው እሱ ይሆናል። የሚስማማውም ጥሩ ክፍያ ይጠይቅበታል። ለአንድ ተራ ዕቃ፣ ለአንዴ ብቻ፣ አንዳንዴ ያዋጣል። ንግድ ለሚጀምር ሰው ግን አልመክርም። የገቢ ታሪኩ በሌላ ሰው ስም ነው የሚቆጠረው። ነገ ብሮከር መቀየር ሲፈልጉም ምንም የለዎትም። በራስዎ ስም የተከፈተ ኮንቲኒዩስ ቦንድ ግን የእርስዎ ነው፤ ብሮከር ቢቀይሩም አብሮዎት ይሄዳል። ታዲያ አንዳንድ ብሮከሮች ቦንዱን እነሱ ስላስከፈቱልዎት የእነሱ እንደሆነ አድርገው ያወራሉ። የቦንዱን ቁጥርና የሹሪቲውን ስም ከመጀመሪያው ቀን በእጅዎ ይያዙ።

እግረ መንገድዎን ሹሪቲው በአሜሪካ ግምጃ ቤት ዝርዝር ውስጥ ያለ መሆኑን ይጠይቁ። ሰርኩላር 570 ይባላል። በይፋ ስለሚወጣ ማንም ሰው ሊያየው ይችላል። ሹሪቲ ሳይገባበት ሙሉውን የቦንድ መጠን በጥሬ ገንዘብ ለሲቢፒ ማስያዝም ይፈቀዳል። 50,000 ዶላር ለረጅም ጊዜ አስሮ ማስቀመጥ ለማን እንደሚመች ግን አላውቅም።

አሁን ስም። ይቺ ትንሽ የምትመስል ነገር ዕቃ ስታስቆም አይቻለሁ። ቦንዱ የሚታሰረው ከአስመጪ ቁጥርዎ ጋር ነው። ይህም የድርጅትዎ የግብር ቁጥር፣ ኢአይኤን፣ ወይም የግል የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎ ነው። ሲቢፒ ዘንድ በፎርም 5106 ይመዘገባል። በግብር መሥሪያ ቤቱ የተመዘገበው ስም፣ ፎርሙ ላይ ያለው ስምና ቦንዱ ላይ ያለው ስም አንድ መሆን አለባቸው። ነጥብና ኮማ ሳይቀር። ኤልኤልሲ፣ ማለትም ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት፣ ለማቋቋም ካሰቡ አስቀድመው ያቋቁሙ። በግል ቁጥርዎ ቦንድ ከፍተው ከሁለት ወር በኋላ ወደ ድርጅት ቢዞሩ የድሮው ቦንድ አይከተልዎትም፤ ሌላ ቁጥር ሌላ ቦንድ ነው። የአድራሻ ወይም የስም ማስተካከያ ብቻ ከሆነ ግን በቦንዱ ላይ በሚጨመር ማሻሻያ ይስተካከላል። ራይደር ይሉታል።

ቦንዱ ከተዘጋ በኋላስ? ብዙ ሰው «ንግዱን ትቻለሁ፣ ቦንዱን ዘግቻለሁ፣ ነፃ ነኝ» ብሎ ያስባል። በኮንቲኒዩስ ቦንድ እያንዳንዱ ዓመት ለብቻው ይቆማል። በ2025 ያስገቡት ዕቃ ላይ ጥያቄ ቢነሳ፣ የ2025ቱ ቦንድ አሁንም ይጠየቃል። ሲቢፒ የአንድን ዲክላራሲዮን ሂሳብ አጣርቶ የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ ዕቃው ከገባ ከ314 ቀን በኋላ ነው፤ ሊኩዊዴሽን ይባላል። በዚያ ጊዜ «ቀረጡ አንሷል፣ ጨምሪ» ሊል ይችላል። ካልተስማሙ ተቃውሞ ለማቅረብ 180 ቀን አለዎት። ሰነድዎን ዕቃው ከገባበት ቀን ጀምሮ አምስት ዓመት ማስቀመጥ ሕጋዊ ግዴታ ነው። ለመዝጋት ሲፈልጉ እርስዎ ቢያንስ ከ10 የሥራ ቀን በፊት ያሳውቃሉ፤ ሹሪቲው ደግሞ ከ30 ቀን በፊት። ሹሪቲው ይብቃኝ ካለና እርስዎ ሌላ ካላዘጋጁ፣ በመንገድ ላይ ያለ ኮንቴይነር ያለ ዋስ ይደርሳል። ደብዳቤ ሲመጣ ይክፈቱ፣ የምለው ይህን ነው።

የቀረጥ መጠን ሲጨምር ኮንቲኒዩስ ቦንድም አብሮ ያድጋል። በኤፕሪል 2025 ከብዙ አገር በሚገባ ዕቃ ላይ የ10 በመቶ ተጨማሪ ታሪፍ ከወጣ በኋላ ብዙ ትልልቅ አስመጪዎች ቦንዳችሁ አነሰ ተባሉ። ዓመታዊ ቀረጡ 500,000 ዶላር የማይደርስ ሰው ግን በዝቅተኛው ውስጥ ነው፤ እርስዎ ገና ሩቅ ነዎት። ሲቢፒ ቦንድዎ አንሷል ብሎ ከጻፈልዎ ለማስተካከል 15 ቀን ነው ያለው። ታሪፉ ራሱ ከዚያ ወዲህ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ የአምናውን ቁጥር ይዘው ዋጋ አይተምኑ። ዕቃው በሚገባበት ቀን ያለው ቀረጥ ስንት እንደሆነ በየጭነቱ ይጠይቁ። ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ ዕድል፣ የወጣችው ከጃንዋሪ 1፣ 2022 ጀምሮ ነው፤ «ከአፍሪካ የመጣ ልብስ ቀረጥ የለውም» የሚል የድሮ ምክር ከሰሙ ያ ለእርስዎ አይሠራም።

ሌሎች የቦንድ ዓይነቶችም አሉ፤ ለመጋዘን፣ ለአጓጓዥ፣ ለነፃ የንግድ ቀጠና። እነሱ አይመለከቱዎትም። ምናልባት አንድ ቀን የሚጠቅምዎት ጊዜያዊ ማስገቢያው ብቻ ነው። ለኤግዚቢሽን የሚያመጡት፣ የማይሸጥ፣ ተመልሶ የሚሄድ ዕቃ ከሆነ ቀረጥ ሳይከፈል በልዩ ቦንድ ይገባል። የቦንዱ መጠን ብዙውን ጊዜ የቀረጡ ሁለት እጥፍ ነው። ጊዜው አንድ ዓመት ነው፤ በማራዘሚያ እስከ ሦስት ዓመት ይሄዳል። ኤግዚቢሽኑ ላይ አንዲት ሴት «ይቺን ቀሚስ ሽጪልኝ» ብላ ብትለምንዎት እንኳ መሸጥ አይችሉም።

ለብሮከሩ ነገ ሲደውሉ እንዲህ ይበሉት። ኮንቲኒዩስ ቦንድ፣ የአስመጪ ዓይነት፣ አክቲቪቲ ኮድ 1፣ በ50,000 ዶላር፣ በድርጅቴ ኢአይኤን። ከዚያ የኢአይኤን ደብዳቤውን ቅጂ፣ የሚያስመጡትን ዕቃ ዝርዝር፣ የሚመጣበትን አገርና የዓመቱን የቀረጥ ግምት ይላኩለት። ለመጀመሪያ ዓመት የሒሳብ መግለጫ ላይጠየቁ ይችላሉ፤ ከተጠየቁም አይደንግጡ፣ ሹሪቲው እንደ ማንኛውም አበዳሪ ነው የሚያስበው። ቦንዱ ሲቢፒ ሲስተም ውስጥ ገብቶ ቁጥሩ እስኪመጣልዎት ድረስ ግን አዲስ አበባ ያለው ጭነት ከመጋዘን አይውጣ።